የአርአያነት ክኒን

መምህር ምናሴ ቀይ ባሕርን ለሱዳን የሰጠው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። መጠጥ ሻጯ እጅጋየሁ ቤት አረቄውን ሲያንቆረቁር አምሽቶ፣ ዓይኑ በቅጡ ሳይገለጥ ክፍል ገባና የኢትዮጵያን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነደፈ። መንደፉንስ አሳምሮ ነደፈው፤ ባሕሩን ግን በምዕራብ በኩል አዋለው። ተማሪዎቹ ጨዋ ስለነበሩ እንዳለ ገለበጡት። ከመካከላቸው አንዷ የቀበሌው ሊቀ መንበር የጓድ አለባቸው ልጅ ነበረች፤ ምሳ ላይ አሰብ በሱዳን ጥግ እንደሚገኝ ለአባቷ አስረዳችው። አለባቸው ደግሞ ወደ አሰብ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ በደጁ ሲያልፍ እያየ ነው ያደገው።

ወደብ አሳልፎ መስጠት በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ወህኒ ቤቱም ሩቅ አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል። ምናሴን ያተረፈው የሊቀ መንበሩ ርኅራኄ ሳይሆን የሊቀ መንበሩ ችግር ነው። የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት የሆነውን ሱስ በሕክምና ተዋጉ የሚል መመሪያ ከበላይ ወርዶለታል፤ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ክኒን መጥቶለታል፤ የጎደለው በሽተኛ ብቻ ነበር። በሸዋ ሮቢት ሰካራም ጠፍቶ አይደለም። አብዛኞቹ የቀበሌው ኮሚቴ አባላት ሆነው ነው እንጂ።

“ሁለት መንገድ አለህ፤ ወይ ወህኒ፣ ወይ ጤና ጣቢያ” አለው አለባቸው።

“ጤና ጣቢያው ያስተኛል?”

“አልጋው ለሕዝብ ነው። አንተ ተመላላሽ ነህ።”

መመላለስ ለምናሴ አዲስ አልነበረም፤ እጅጋየሁ ቤት ስንት ዓመት ተመላልሷል። ማንም አልጠየቀውም እንጂ መተዉን ራሱም ይፈልገው ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሰሞን ለሙቀቱ ብሎ አንድ መለኪያ ጀመረ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ባለም ጊዜ አልተወውም። ጠመኔ ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጡ እንዳይታወቅበት ፊደሉን አተልቆ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አግዳሚው ላይ አናጢው በቀለና ሁለት የተዋረዱ የቀድሞ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ከጫፍ ደግሞ ጋሽ አብዱረሂም አሉ፤ ቀወት ገጠር ውስጥ ማሽላ የሚያርሱ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ። ነርሷ ሲስተር ሸዋነሽ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ፊታቸው ቆመች።

“ይሄ አምሮት አይነቅልም” አለች። “ዘበኛ ነው። እሱን ውጦ የጠጣ ሰው ፊቱ ይነድዳል፣ ልቡ ይጋልባል፣ የበላው ሁሉ በመጣበት ይመለሳል። ጠላም ቢሆን፣ ጠጅም ቢሆን ያው ነው። አትሞክሩት።”

“ልጄ፣ እኔ እንኳን ልጠጣው፣ ሽታው ባለበት ደጅ አላልፍም” አሉ ጋሽ አብዱረሂም።

“እርስዎ የመጡት በጫት ነው፣ ጋሼ።”

“ክኒኑ ለጫት ይሆናል?”

“አይሆንም። ሊቀ መንበሩ ግን ሱስ ሁሉ አንድ ነው ብለዋል።” ወዲያው ዞር ብላ ከሌላ ብልቃጥ ቫይታሚን አወጣችላቸው። ጋሽ አብዱረሂም ቢስሚላህ ብለው ዋጡት።

የመጀመሪያው ሳምንት ለምናሴ ጭንቅ ሆነበት። ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ይሸሸዋል፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እግሩ ሳያማክረው ወደ እጅጋየሁ ቤት ይዞራል። ይህን ያዩት ጋሽ አብዱረሂም አመሻሹ ላይ እየጠበቁ ወደ ሮቢ ወንዝ ይዘውት ይወርዱ ጀመር። እዚያም ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫታቸውን ይፈታሉ።

“የእርስዎስ ሕክምና፣ ጋሼ?” አላቸው አንድ ቀን።

“አንተን የሚጠብቅ ሰው ማንቀላፋት አለበት?” አሉት፤ ቀንበጡንም ቀነጠሱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ተገባደደ። ምናሴ እህል ይጣፍጠው ጀመር፤ ፊደሉም አነሰ። በዚህ መሃል ድሉን የሚጎበኝ እንግዳ ከበላይ ይመጣል ተባለ። ኮሚቴው ፍየል አሳረደ፤ የእጅጋየሁንም ጠጅ በእንስራ በእንስራ አስወሰደ። አለባቸው ግን ይህ አልበቃውም፤ መሪ በቃል ሳይሆን በተግባር ይመራል፣ ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ በሰፊው ሕዝብ ፊት ክኒኑን ይውጣል ሲል ወሰነ።

ሸዋነሽ ይህን ስትሰማ ቢሮው ድረስ ሄደች። ምናሴ መፈክር ጻፍ ተብሎ እዚያው ነበር።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከዋጡት አይጠጡ። ከጠጡ ደግሞ አይዋጡት።”

“መድኃኒቱ የተላከው ለሰካራም ነው። እኛ ሰካራሞች ነን?”

“መድኃኒቱ ያንን አይለይም።”

“የወዳጅ አገር መድኃኒት ወዳጁን ያውቃል” አለና በሩን አሳያት።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ኮሚቴው ሜዳው ላይ ተሰልፎ ዋጠ። እንግዳውም ፎቶግራፍ አንሺውን ሲያይ እጁን ዘረጋና ዋጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ንግግሩ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ እስክታዘነብል ድረስ ቀጠለ፤ ከዚያ ወደ አዳራሹ ተገባ፤ ጥብሱ ቀረበ፤ ብርሌው ዞረ። ታካሚዎቹ ለትዕይንት ያህል ከእንግዳው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። እንግዳውና የኮሚቴው አባላት ከንግግሩ ብዛት ጉሮሯቸው ደርቆ ነበርና ሁለት ሁለት ብርሌ በቁማቸው ጨለጡ።

እንግዳው ተነሣ። “ጽዋችንን ለአብዮቱ ድል እናንሣ።”

ለምናሴም ተቀዳለት። ብርሌውን ያዘ፤ ሽታው አፍንጫው ገባ፤ ምራቁ ሞላ። ያፈረው በዚህ ነው፤ ከክኒኑ ይልቅ ምራቁን ፈራው። መልሶ አስቀመጠው።

“ጓድ፣ እኔ ታካሚ ነኝ።”



“ለአብዮቱ አትጠጣም?” አለ እንግዳው።

“ለእሱ ብዬ ነው የተውኩት” አለ ምናሴ።

አለባቸው ሊቆጣው ተነሣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ የንዴት መስሏቸው ሁሉም ሲጠብቁ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከአጠገቡ የነበረው ጸሐፊ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ገንዘብ ያዡ ወደ መስኮቱ ሮጦ አልደረሰም። እንግዳው “መርዝ ነው” ብሎ ጮኸና እሱም በተራው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። የአዳራሹ ዘበኞች ጠመንጃቸውን አቀባብለው፣ ጠጁን ስትቀዳ የዋለችውን እጅጋየሁን ከጓዳ ጎትተው አወጧት።

እጅጋየሁ ዙሪያዋን አየች። ከዚያው እንስራ ሁለት ብርሌ ቀድታ ግጥም አደረገች፣ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ወገቧን ይዛ ቆመች። ዘበኞቹ ጠበቁ። ምንም አልሆነችም።

“ክኒኑ ነው” አለች ከታካሚዎቹ ጀርባ የነበረችው ሸዋነሽ እጅጌዋን እየሰበሰበች። “ያዙልኝ፣ ውሰዷቸው።”

ከተማው ለክኒኑ አጨብጭቦ ተበትኗል፤ አዳራሹ ውስጥ ጤነኛ ሆነው የቀሩት ዘበኞቹና ሱሰኞቹ ናቸው። ዘበኞቹ ጠመንጃ መልቀቅ አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ምናሴ ሊቀ መንበሩን አዘለ፤ በቀለ ጸሐፊውን፤ ጋሽ አብዱረሂም የእንግዳውን እግር ያዙ፣ አስተግፊሩላህ እያሉ። በጤና ጣቢያው ያሉት አልጋዎች በሙሉ ሞሉ። የዚያን ቀን ተመላላሾቹ ቆመው ኮሚቴው ተኛ።

ሁሉም ዳኑ። ከዳኑ በኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መርዝ ነው እንዳይባል እጅጋየሁ በሰው ፊት ጠጥታለች፤ ክኒኑ ነው እንዳይባል ደግሞ ኮሚቴው በሥራ ሰዓት ምን ሲጠጣ ነበር ይባላል። ተሰብስበው ሲመክሩ ውለው ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው ተባለ። የሕክምናው ዘመቻም በድል ተጠናቀቀ ተብሎ ተዘጋ፤ ክኒኑ መጋዘን ገብቶ ታሸገ።

ምናሴ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። ከታሰረበት የተፈታ ሳይሆን በሌሊት ያለ ዘበኛ የተተወ ቤት ሆኖ ተሰማው። በማግስቱ ጠዋት እግሩ ወደ ለመደው ቦታ ወሰደው።

“ክኒን እኮ የለኝም፣ ምን ልስጥህ?” አለችው ሸዋነሽ።

“ምንም። ብቻ ጠዋት ጠዋት እዪኝ።”

አየችው። ዓይኑን ገልጣ፣ እጁን ዘርግታ አየችና ነገም ና አለችው። በማግስቱ በቀለ መጣ። ጋሽ አብዱረሂምም መጡ፤ ለምን መጡ ሲባሉ፣ ዳንክ ያለኝ ሰው የለም አሉ። ምናሴ በክረምቱ አንድ ጊዜ ወደ መጠጡ ተመልሶ ሁለት ቀን ቀረ፤ በሦስተኛው አፍሮ ሲመጣ ሸዋነሽ እንደ ወትሮው እጁን ዘርግታ አየች።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ጓድ አለባቸው ብቻውን መጣ። ቆብ በእጁ ይዟል፤ ቆቡም እጁም ይንቀጠቀጣል።

“ለምን መጡ፣ ጓድ ሊቀ መንበር?” አለችው።

“ለቁጥጥር።”

“እንግዲያው ይቀመጡ።”

አግዳሚው ሞልቶ ነበር። አለባቸው ቆሞ ቀረ። ምናሴ ወደ ጋሽ አብዱረሂም ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀለት።