የልብስ ሰፊው ምስክርነት

የመንግሥት ገንዘብ ያዥ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰው ጠባዩን እንዲመሰክርለት ልብስ ሰፊውን ይዞ ወደ ቅጥር መርማሪዋ ቢሮ መጣ።

መርማሪዋ፣ «ዕዳ አለበት?» ስትል ልብስ ሰፊውን ጠየቀችው።

«አለበት እንጂ እመቤቴ! የለበሰው ኮት ከነሱሪው ዱቤ ነው። ካልቀጠራችሁት ከየት አምጥቶ ይከፍለኛል?»

እጩው ላብ አጠመቀው። «አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ!»

«ዝም በል፤ እያመሰገንኩህ እኮ ነው። ጨዋ ነው እመቤቴ፤ መንገድ ቀይሮ ሲያመልጠኝ እንኳ ከሩቅ እጅ ነሥቶኝ ነው።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። «እርስዎስ የሱቅዎን መሳቢያ ቁልፍ ይሰጡታል?»

«እኔ? አብጃለሁ እንዴ!» አለ ልብስ ሰፊው ሳያስበው።

መርማሪዋ የቅጥር ማህደሩን ዘግታ ወደ እጩው ዞረች። «እኛም አላበድንም። ዕዳዎን ከፍለው ሲጨርሱ ይምጡ።»

ከሁለቱ ይበልጥ የደነገጠው ልብስ ሰፊው ነበር።