የበርናባስ ጣሪያ

ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ታላቅ ወንድሜን በርናባስን ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆሞ ብርድ ልብሱን ሲጨምቅ አገኘሁት። ሌሊቱን አልዘነበም።

«ብርድ ልብስ ለብሰህ ነው እንዴ ዓሣ የምታጠምደው?» አልኩት።

«ሳቅ። ና ግባና እይ።»

ዳር በታሰረችው የሱ የብረት ጀልባ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል አንድ አልጋ ብቻ ነው የምትይዘው። መረቡን እንዳይሰርቁት በየሌሊቱ እዚያ ይተኛል። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቀዳዳ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ውስጡ ግን ጠብታ በጠብታ ነበር። አንዱን በጣቱ ጠረገና «የራሴ ትንፋሽ ነው» አለ፤ ወዲያው ሳል ያዘው። ጤና ጣቢያ ሳንባህን ከእርጥበት ጠብቅ ብለውታል። መሬት ላይ እደር ስለው «መረቡን አንተ ትጠብቃለህ?» ይለኛል። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ውሃ እፈራለሁ።

መቀመጥ አቃተኝ። በዚያው ቀን ተራራው ላይ ወዳለው መንደራችን ዶርዜ ወጣሁ። የአባታችንን ቤት የሠሩት ጋሽ ጉታ ቀርከሃ ሰነጠቁልኝ። ቆርቆሮውን ከውስጥ በቀርከሃና በደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ እንደ ቤታችን ላለብሰው እንዳሰብኩ ነገርኳቸው።

«እሳቱ የት ይነድዳል?»

«ጀልባ ላይ ቤንዚን አለ እኮ ጋሼ፣ ምን እሳት!»

«ላሞቹስ?»

«ዓሣ አለ።»

አልሳቁም። «የኛን ቤት የሚያደርቀው የእሳቱ ጢስና ውስጥ የሚያድሩት ላሞች ሙቀት ነው። ጢስ ከሌለ ንፋስ ይግባበት። ከቆርቆሮው አንድ ጋት አርቀህ ግጠመው፤ ከላይም ከታችም ቀዳዳ ተውለት።»

ሐይቁ ዳር ተመልሼ ስሠራ ግን ቸኮልኩ። ቅጠሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣበቅኩት። ቢምቢ እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩ። ጠብታው ቆመ። በርናባስ «አሁን ገና ቤት ገባሁ!» እያለ አጥማጆቹን እየጠራ ያሳያል። እኔም ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ክፍሏ ሸተተች። ቀርከሃውን ገልጬ እጄን ስሰድ ቅጠሉ ላሽቋል፤ ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። ውሃው ከቅጠሉ ጀርባ ተደብቆ ነበር እንጂ አልጠፋም።

«ዛሬውኑ ላፍርሰው» አልኩት።

«ተወው ባክህ! ደግሞ ሊዘንብብኝ ነው?»

ታላቄ ነው፤ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ ሥራዬ ላይ ስቀመጥ ክሩ ይበጠስብኛል። እነሳና ሐይቁ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከዳር ሆኜ ሳሉን ሰምቼ እመለሳለሁ። አራት ቀን እንዲህ ሆንኩ። በአምስተኛው ሚስቱ ልክነሽ «ሆስፒታል ና» ብላ ደወለች።

እዚያው ሳምንታት ተኝቶ ነሐሴ 3 ቀን አረፈ። ሐኪሙ ሳንባው ድሮም የተጎዳ ነው አለ። ስለ ጣሪያው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በሰልስቱ ማግስት ሁሉንም ነቅዬ አወጣሁት። ቆርቆሮውን አደረቅኩ፤ አዲስ ቀርከሃ አንድ ጋት አርቄ ገጠምኩ። ከላይና ከታች ቀዳዳ ትቼ፣ ለቢምቢው ወንፊት ሽቦ መታሁበት።

በጥቅምት ልክነሽ ጀልባዋን ሸጠች። የገዛት ሰው እዚያው ይተኛል፤ ብርድ ልብሱን ሲጨምቅ አላየሁትም።