እንጦጦ ላይ የተፈተነው የቱና ክር

ጋሼ ፍሥሐ ዓሣዬን ከእጄ ከቀሙኝ አሥራ አምስት ዓመት ሆነ።

የባለቤቴ የአካሉ ታላቅ ወንድም ናቸው። ያኔ ላንጋኖ ልንዝናና ሄደን፣ የእሳቸው የማጥመጃ ዘንግ ሥራ ፈትቶ ሳየው አንስቼ ወረወርኩት። ብዙም ሳልቆይ አምባዛ ያዘልኝ። አምባዛ ያ ጢማሙ፣ እንደ ሕፃን ልጅ የሚከብደው ዓሣ ነው። እግሬን ድንጋይ ላይ ተክዬ ሩብ ሰዓት ታገልኩት። ነጭ ሆዱ ታየኝ። ሊወጣ አንድ ክንድ ሲቀረው ጋሼ ፍሥሐ ከኋላዬ መጡና «ወዲያ በይ፣ ታስመልጭዋለሽ!» ብለው ዘንጉን መነተፉኝ። ጎትተው አወጡት። ፎቶም ተነሡ። ፎቶው ሳሎናቸው ተሰቅሏል፤ እሳቸው ዓሣውን አቅፈው ይስቃሉ፣ ዳር ላይ የኔ ክርን ብቻ ይታያል። በዓል በመጣ ቁጥር ያን ዓሣ እንዴት እንደያዙት ለእንግዳ ያወራሉ። ዓሣው በየዓመቱ ትንሽ ያድጋል። እኔ ሳህን አቀርባለሁ።

አካሉ «ተይው ዘሪቱ፣ ለሰላም ሲባል» ይለኛል። ስሜ ዘርትሁን ነው፣ ሲያባብለኝ ነው ዘሪቱ የሚለኝ። ተውኩት። አፌ ተወው እንጂ ሆዴ አልተወውም።

እኔ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ሸራ። ቤቴ ወሰን ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሀል ነው። ከጎኔ ጁነይድ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ስለሆነ ከኋላ ያለው መደርደሪያ ላይ የማጥመጃ ዕቃ ደርድሯል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ዘርትሁን፣ ጅቡቲ የአክስቴ ልጅ ጀልባ አለው። መሬት እስከማይታይበት ድረስ ገብተን ቱና ልናጠምድ ነው። ሁለት ቦታ ቀርቷል» አለኝ።

«ቱና ያ የቆርቆሮው?»

«ቆርቆሮ ከመግባቱ በፊት ያለው።»

በስልኩ አሳየኝ። ዓሣ አይመስልም። ጥጃ የሚያህል፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ጅራቱ እንደ ማጭድ። አንድ ሰው አቅፎት ሊወድቅ ደርሷል።

«ጀልባው ላይ አንድ ሕግ አለ» አለ ጁነይድ። «ዓሣ የያዘለት ሰው ራሱ ነው የሚጨርሰው። ሌላ ሰው ዘንጉን ከነካበት ዓሣው አይቆጠርለትም።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመልኝ።

«ጻፈኝ» አልኩት።

ስህተቴ ማታ ለአካሉ መንገሬ ነው። አካሉ ለወንድሙ ሳይደውል እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ፍሥሐ ኮፍያቸውን ደፍተው ጁነይድ ሱቅ ቆመዋል፤ ሁለተኛውን ቦታ ወስደውታል። ይሄስ ይሁን። የከፋው የሚቀጥለው ነው።

«ለኔና ለሷ አንድ ማጠንጠኛ ይበቃናል» አሉ። ማጠንጠኛ ያሉት ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን ነው፤ ጁነይድ ሪል ይለዋል። «እሷ ትጀምራለች፣ ሲከብዳት እኔ እቀበላታለሁ።»

አብሮኝ የመጣው አካሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ።

አንድ ማጠንጠኛ ከተገዛ በማን እጅ እንደሚያልቅ እኔ አውቃለሁ። ባሕሩን አይቼ፣ ቱናውን ይዤ፣ የመጨረሻዋ ክንድ ላይ እንደገና «ወዲያ በይ» ልባል ነው። እንዲያ ከሚሆን ወሰን ቁጭ ብዬ ሸራዬን ብሰፋ ይሻለኛል።

ጁነይድ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ሁለት ዓይነት ክር አሳየን። አንዱ ወፍራም ወጥ ናይለን ነው፣ የስንደዶ ውፍረት አለው። ሌላው አረንጓዴ፣ ከጫማ ክር የሚቀጥን። ጋሼ ፍሥሐ ወፍራሙን ብድግ አደረጉት።

«ይሄ ነው! ቱና ማለት የባሕር በሬ ነው። በሬ በፈትል ይታሰራል?»

እኔ ቀጭኑን አነሣሁ። ክር ሥራዬ ነው። ጫፉን በመርፌ ፈታ ፈታ አደረግኩት፤ ስምንት ሆኖ ተጎንጉኗል። ጣቴ ላይ ስስበው ንቅንቅ አይልም።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈትል አይደለም፣ ጉንጉን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም?»

«አንበሳ አይዋኝም!» አሉኝ።

ጁነይድ ሳቁን ዋጠና፣ «ጋሼ፣ ቱና ሲያዝ ይሮጣል። ሁለት መቶ ሜትር፣ ከዚያም በላይ። ወፍራም ክር ማጠንጠኛው ላይ የሚገባው ትንሽ ነው። ቀጭኑ ግን ሦስት መቶ ሜትር ይገባል፣ ጥንካሬያቸው ደግሞ እኩል ነው» አለ።

«የማጠንጠኛውን ፍሬን ጥርቅም አድርጎ መያዝ ነዋ! ማን ይሮጣል?»

«ጥርቅም ካደረጉት ይበጠሳል፣ ጋሼ። እየለቀቁ ነው የሚይዙት።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዓሣ የያዝኩት አንተ ሳትወለድ ነው!»

ጁነይድ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

«እንፈትነዋ» አልኩ እኔ።

«የት? አዲስ አበባ ባሕር የላትም።»

«ቁልቁለት አላት።»

ቅዳሜ እንጦጦ ወጣን። ጁነይድ ሱቁን ትቶ መምጣት ስላልቻለ ሁለት ዘንግና ሁለት ማጠንጠኛ፣ አንዱን ከወፍራሙ ክር ጋር፣ አንዱን ከቀጭኑ ጋር፣ በአደራ ሰጠን። አካሉ አለ፣ ልጃችን ሩሃማ አለች። ከማርያም ወረድ ብሎ ዛፉ የተቆረጠበት ገላጣ ሜዳ አለ፤ ሣሩ ለስላሳ፣ ቁልቁለቱ ደህና። የክሩን ጫፍ አጭር ዱላ ላይ አሰርን። ዓሣ የሆነ ሰው ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ይሮጣል፤ ከከፋ ይለቀዋል።

መጀመሪያ ጋሼ ፍሥሐ ወፍራሙን ያዙ። ዓሣዋ ሩሃማ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲ ለክፍሏ የምትሮጥ ልጅ ናት።

«ጋሽዬ፣ ሬዲ?»

«ሩጪ! የትም አትደርሺም!»

ሮጠች። ፍሬኑን ጥርቅም አድርገውት ስለነበር ሁለት እርምጃ ተጎትተው በአፍጢማቸው ሊደፉ ሆነ። ደነገጡና ፍሬኑን አንዴ ለቀቁት። ክሩ ዥው ብሎ ወጣ። እኔ እስከ አሥር አልቆጠርኩም፣ ማጠንጠኛው ባዶውን ቀረ። ስልሳ ሜትር አይሞላም። ቋጠሮው ተፈታና ጭራው ሣሩ ላይ እንደ እባብ እየተሳበ ከሩሃማ ጋር ቁልቁል ሄደ።

«ጋሽዬ! ያዙኝ እንጂ!» አለች ከታች።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት መነኩሲት ቆመው ያዩናል። «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?»

«ዓሣ እያጠመድን ነው፣ እማሆይ» አለ አካሉ።

እማሆይ ተራራውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ውኃው ሲመጣ ንገሩኝ» ብለው አለፉ።

አካሉ ሳቀ። ጋሼ ፍሥሐ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ጣሉት።

«ልጅቷ ሯጭ ናት! አሁን እኔ ልሁን ዓሣው። ነይ ዘርትሁን፣ በዚያ ድርሽ እኔን አቁሚኝ እስቲ። ጎትተሽ እዚች ኮፍያ ጋ ካደረስሽኝ የራስሽን ማጠንጠኛ ያዢ። ካላደረስሽኝ አንድ ይገዛል፣ የምይዘውም እኔ ነኝ። ቃል?»

«ቃል» አልኩ።

ሸራ ስሰፋ መዳፌ ላይ የማደርጋትን ቆዳ አጠለቅኩ፤ ቀጭን ክር ባዶ እጅ ይቆርጣል፣ ይሄን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጋሼ ፍሥሐ ዱላውን ያዙና በረሩ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ግን በየቅዳሜው እንጦጦን በእግራቸው የሚወጡ ሰው ናቸው። ሲሮጡ ደግሞ በንዴት ነው።

ማጠንጠኛው ጮኸ። ድምፁን ስሰማ ፍርሃቴ ሄደ። የስፌት መኪናዬ ላይ ክር የምታጠብቅ ብሎን አለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮዬ ነው ያጠበቅኳት። ከጠበቀች ክሩን ትበጥሳለች፣ ከላላች ስፌቱ ይንዘላዘላል። ይሄም እንደዚያው ነው። ፍሬኑን ትንሽ ያዝ አደረግኩ፣ ትንሽ ለቀቅ። ጋሼ ፍሥሐ መቶ ሜትር ሄዱ። መቶ ሃምሳ። ክሩ ገና አለ። ሩጫቸው ግን ከበደ፤ ጭቃ ውስጥ የሚሄዱ መሰሉ።

ወደ ዛፎቹ ታጠፉ።

«ዓሣ ዛፍ አይዞርም!» ጮኸች ሩሃማ።

«ድንጋይ ይዞራል!» መለሱላት እያለከለኩ።

እኔም በጎን እየሄድኩ ክሩን ከዛፉ አራቅኩት። በመጨረሻ ቆሙ። ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ። ያኔ ጀመርኩ። ዘንጉን ቀና፣ ዝቅ ሳደርግ መጠቅለል። ቀና፣ ዝቅ፣ መጠቅለል። አንድ እርምጃ መጡ። ሁለት። ሲብስባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«ዓሣ ይቀመጣል እንዴ?» አለ አካሉ። ከሳቁ ብዛት ዕንባው ይወርዳል።

«ይሄኛው ይቀመጣል!»

ተቀምጠውም ጎተትኳቸው። ሱሪያቸው ሣር በሣር ሆነ፤ ሲያማቸው ተነሡ። እንደገና ሮጡ፣ ሰጠኋቸው። እንደገና ደከሙ፣ ወሰድኩባቸው። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላቤ ዓይኔ ገባ። ኮፍያው ጋ ሊደርሱ አሥር እርምጃ ቀራቸው።

አካሉ መሳቁን ተወ። ክንዴን አይቶ ተጠጋኝና እጁን ዘረጋ። «ዘሪቱ፣ ደክሞሻል። አምጪው፣ ትንሽ ልያዝልሽ።»

ክፋት የለውም፣ አካሉ እኮ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው። ግን ያን እጅ ሳየው የላንጋኖው እጅ ታየኝ።

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። «ማንም እንዳይነካብኝ! የኔ ነው!»

አካሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሩሃማ አፏን ያዘች። ጋሼ ፍሥሐ እንኳ ክሩ ጫፍ ላይ ቀጥ አሉ።

እኔ ጠቀለልኩ። አሥር። ሰባት። አራት። አንድ። ኮፍያቸውን ረገጡና ቆሙ። ዱላውን በእጄ ያዝኩት። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ፀጉራቸው ላይ ቅጠል አለ።

«ላንጋኖ ላይ ያ አምባዛ የኔ ነበር» አልኳቸው።

«የቱ አምባዛ?»

«አንድ ነው ያለዎት።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ውኃው ውስጥ እንዳትገቢ ፈርቼ ነው።»

«እግሬ ድንጋይ ላይ ነበር።»

«ታስመልጭዋለሽ ብዬ...»

«ባስመልጠውም እኔ ነበርኩ የማስመልጠው።»

ወደ አካሉ አዩ፣ አካሉ መሬት መሬት ያያል። ወደ እኔ ተመለሱ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘሽ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁልጊዜ ሲያወሩት ሳህን ይዤ ነበራ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሩሃማ ናት። ቀጥሎ እሳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ቁጭ ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን በኮፍያቸው ጠረጉና ቀስ ብለው፣ «ነጥቄሻለሁ» አሉ። «እውነትሽን ነው። የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ነጥቄሻለሁ።»

ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ክንዴ ግን ሁለት ቀን አመመኝ።

ሰኞ ጁነይድ ሱቅ ገባን። ማጠንጠኛዎቹን አንድ በአንድ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ፍሬናቸውን አዞርኩ። አንዱ ይንቋቋል፣ ተውኩት። አንዱ መልኩ ያምራል፣ ግን ጁነይድ «ጨው ይገባዋል» አለኝ፣ እሱንም ተውኩት። ሦስተኛው እንደ ጥሩ ስፌት መኪና ልስልስ ያለ ነው፣ ጨውም አያስገባም። «ይሄ የኔ ነው» ብዬ ያዝኩት። ክሩ ቀጭኑ ጉንጉን፣ ሦስት መቶ ሜትር። ቱና ዓይኑ ስለታም ስለሆነ ጫፉ ላይ ውኃ የሚመስል ናይለን ጥቂት ሜትር ይቀጠልለታል አለኝ ጁነይድ፤ እሱንም ራሴ ቋጠርኩት። ጋሼ ፍሥሐ ሳይናገሩ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነቱን ለራሳቸው አነሡ።

ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ላልቶ ከተጠቀለለ ባሕር ላይ ይተበተባል። ስለዚህ አንድ ሰው ክሩ የሚመጣበትን ጥቅልል በእርጥብ ጨርቅ ጨብጦ መያዝ አለበት። ጋሼ ፍሥሐን አስቀምጬ ጨርቁን ሰጠኋቸው።

«ቀስ በይ፣ እጄ ተቃጠለ!»

«አጥብቀው ይያዙ ጋሼ፣ ገና መቶ ሜትር ይቀረናል» አልኳቸውና መጠቅለሌን ቀጠልኩ።