እትዬ ጀማነሽ የጻፉት የሥራ ልምድ

ሪሐና ካዛንቺስ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብላ፣ አቮካዶዋን በማንኪያ እየዛቀች፣ ሁለት ጠበቆች ሲነታረኩባት ታያለች። ደስ ብሏታል፤ ምን ይደረግ! ሰባት ዓመት ሙሉ ከእትዬ ጀማነሽ ግቢ ሳትወጣ፣ ቁልፉ በሳቸው ኪስ፣ መታወቂያዋ በሳቸው ቁም ሳጥን፣ ደመወዝ የሚባለውን በወሬ ብቻ እያወቀች ለኖረች ልጅ፣ ሰው ስለሷ ሲጣላ ማየት ቀላል ነገር ነው እንዴ? ካመለጠች ሁለት ወሯ ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አክስቷ ቤት ተጠግታለች።

«ወንጀል ነው፣ በቃ!» አለች ቅድስት ጠረጴዛውን እየመታች። «ሰው ቆልፎ ማሠራት ወንጀል ነው። ፖሊስ ጋ እንሂድ።»

«ሴትዮዋ ይታሰሩ፤ ከዚያስ?» አለ ቴዎ። «ልጅቷ ምን ታገኛለች? ሠራተኛ ነበረች፣ የሠራተኛ መብቷን ትጠይቅ።»

«የቱን መብት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እኮ የቤት ሠራተኛን ከበር ነው የሚመልሳት!»

«ፍትሐ ብሔር አለ አይደል እንዴ!»

ሁለቱም በነጻ የሚያግዟት ናቸውና ክፉ መናገር አልፈለገችም። የሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ለወጥ ቤት ሰው ይፈልጋል፤ እስከ ሐሙስ የሥራ ልምድ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። የሥራ ልምዱን መጻፍ የሚችሉት ደግሞ እትዬ ጀማነሽ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ለማንም ሳትናገር እትዬ ጀማነሽ ቤት ሄደች። በሩን አንኳኩታ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። «ግቢ እንጂ ልጄ!» ቢሏት፣ ሞቼ እገኛለሁ አለች በልቧ፤ ከደጅ እንደቆመች የሥራ ልምድ እንዲጽፉላት ጠየቀቻቸው። እትዬ ጀማነሽ ጡረታ እስኪወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ደብዳቤ ይጻፉ ሲባሉ ኩርፊያቸውም ይረሳቸዋል። «ውሸት አልጽፍም፣ ያለውን ነው የምጽፈው» ብለው ገቡ።

ያለውን ጻፉ። ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፣ አንድም አልጎደለ፦

«ሪሐና ከድር በቤቴ ለሰባት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ዕረፍት ወስዳ አታውቅም። ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ደመወዝ ጠይቃም አስቸግራኝ አታውቅም። ጠባየ መልካም መሆኗን አረጋግጣለሁ።»

እዚያው ጁስ ቤት ሲገናኙ ቅድስት አንብባው ጮኸች። «ወይ ጉድ! በገዛ እጃቸው አመኑ!»

ቴዎ ወረቀቱን ነጠቃት። «‹ስትሠራ› ይላል እኮ! ሠራተኛ መሆኗን መሰከሩልን!»

እንደገና ሊጀምሩ ነው። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ተዉኝ!» አለች ሪሐና። ሳቅም እንባም መጣባት። ጎን ካለው ኮፒ ቤት ሄዳ ሁለት ኮፒ አስነሥታ ተመለሰች። «የተቆለፈብኝን በር አንቺ ያዥ፣ ቅድስት። የሠራሁትን ሥራ አንተ ያዝ። ሁለቱንም አድርገውብኛል፤ አንዱን ለምን ልተውላቸው? ኦሪጅናሉ ግን የኔ ነው።»

የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ አቶ ወልደአማኑኤል ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ስለ ወጥ ጠየቋት፣ ስለ ሾርባ ጠየቋት፤ ሁሉንም ሳትደናቀፍ መለሰች።

«ጥሩ፣ ሰኞ ጀምሪ» አሏት። «በሳምንት አንድ ቀን ታርፊያለሽ። የቱ ቀን ይሁንልሽ?»

ይቺን መመለስ አቃታት። ቀን ምረጪ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። አቶ ወልደአማኑኤል እስክሪብቶ ይዘው ጠበቋት፤ አልተቆጡም።

«ዓርብ» አለች በሹክሹክታ። ያልሰሟት መስሏት ደግሞ ጮክ አለች። «ዓርብ ይሁንልኝ! መስጊድ እሄዳለሁ።»

«ዓርብ» ብለው ጻፉላት።