የባቡር ሰው

«ምነው ደበሌ፣ ክትፎው ሳይበርድ ልትመለስ ነው?»

እትዬ አደይ የአባቱ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸውን ወደ አዲስ አበባ ሊሸኙ ከአገና ወርደው፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፈው ወልቂጤ መናኸሪያ ቆመዋል።

ደበሌ ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አይ እትዬ...»

«ሱቁ ነው የጠራህ? ጨካኝ ነህ አንተስ። ሽማግሌው አባትህ ገና ጠግቦ ሳያይህ።»

«እትዬ አደይ፣ እየመጣሁ ነው እኮ።»

መናኸሪያው ሙሉ መስቀልን በልቶ፣ ወዙ ጨምሮ ወደየሥራው የሚመለስ ሰው ነው። ከእነዚያ ሁሉ መሀል ፊቱን ወደ አገር ቤት ያዞረው ደበሌ ብቻ ነበር።

«እንግዲያማ እንኳን አደረሰህ» አሉና የልጃቸውን ጓዝ ማስተካከል ያዙ። ጓዙ ግን ደህና ታስሮ ነበር።

በደበሌ አባት በአቶ ኬርጋ ቤት ደንብ አለ። የመስቀሉ በሬ ሲጣል ቀንዱን የሚይዘው በኩር ልጅ ነው፤ አባት እጁን በዚያ ልጅ ራስ ላይ ጭኖ ይመርቃል። አምና አቶ ኬርጋ በሽማግሌ ፊት፣ «ጉልበቴ ከድቶኛል። በሚመጣው መስቀል ቀንዱን ለያዘው ቤቱንም እንሰቱንም አብሬ እመርቅለታለሁ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው በኩሩን ደበሌን ነበር። ደበሌም ራሱን እንደ ባለቤት ቆጥሮ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲመረምር አመሸ።

ደበሌ ድሬዳዋ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሲጓዝ ደግሞ የባቡር ሰው ነው። ባቡር ላይ እግር ይዘረጋል። ኤረር ላይ ብርቱካኑ፣ ሚኤሶ ላይ የግመል ወተቱ በመስኮት ይገባል። ሾፌሩ እንቅልፍ ያዘው አልያዘው ብሎ የሚሳቀቅ የለም። አውቶቡስ ግን፣ ይላል ደበሌ፣ ጉልበትህ ከአገጭህ፣ የጎረቤትህ ዶሮ ከጆሮህ። ባቡሩ በየጣቢያው ሲገተር ይውላል ያሉት እንደሆነም፣ «ሀብታም መቼ ቸኮለ?» ብሎ ይዘጋቸዋል።

ታናሽ ወንድሙ ይታገሱ እዚያው ድሬዳዋ በሰው ሱቅ ያሻሽጣል። መኪና ያጥወለውለዋል፤ አምና አውቶቡስ ላይ አዲስ ባርኔጣው ውስጥ አስመለሰ። ደበሌ ይህንን ለመስቀል በተሰበሰበው ሰው መሀል፣ ይታገሱ ለትዳር ሊጠይቃት ያሰባት ልጅ እየሰማች፣ በድምፅ ጭምር አሳየ። ልጅቷም ከሌላው ሰው ጋር አብራ ሳቀች።

ዘንድሮ ታዲያ ጎርፍ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ያለውን ሐዲድ ጠራርጎ ባቡሩ አዋሽ ላይ ቆመ። ደበሌ ጣቢያው ምግብ ቤት ተቀምጦ ጥብስ አዞ። ከደርግ ወዲህ ኢሱዙው መንገዱን ሞልቶታል። ከአንዱ ኢሱዙ ላይ፣ ከድንች ጆንያ ጫፍ፣ ይታገሱ አቧራ ለብሶ ወረደና መጣ።

«ጋሼ፣ ቦታ አለ፤ ና እንሂድ።»

«የት ላይ?»

«ከድንቹ ላይ። አባባ ይጠብቃል እኮ። ሐዲዱ ዛሬም ነገም አይጠገንም ብለዋል።»

ደበሌ በጥርሱ መሀል ያለውን ሥጋ በስንጥር አወጣ። ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። «እኔ ትኬት የቆረጥኩት ሰው ነኝ ብዬ ነው። አንተ ድንች ሆነህ ሂድ። አባባ ያለ እኔ በሬ አይጥልም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ይታገሱ ተመልሶ ጆንያው ላይ ወጣ።

አሁን ደበሌ ሐዲዱን ሲጠብቅ ሰንብቶ አገር ቤት ደጁ ሲደርስ ይታገሱ የአባቱን ጋቢ ለብሶ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል። አቶ ኬርጋ በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

«አልጠበቃችሁኝም?» አለ ደበሌ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ።

«በሬው ታስሮ ዋለ» አሉ አባቱ። «ሽማግሌውም ቆሞ ዋለ። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ወንድምህን፣ የት ቀረ? አልኩት።»

ደበሌ ወደ ይታገሱ ዞረ። «ምን አልክ?»

«ያልከውን ነዋ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ ጋሼ።»

«ሽማግሌዎቹ በሳቅ ሞቱ» አሉ አቶ ኬርጋ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ድንቹ ይያዘው አሉ። ያዘው። መረቅኩ።»

ይታገሱ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። ከጓዳ አንዲት ሴት ሳቋን ስታፍን ተሰማች። ደበሌ ድምፁን አወቀው፤ ያቺው የአምናዋ ልጅ ናት።

«አባባ፣ በኩርህ እኮ እኔ ነኝ።»

«ነህ። ማን አይደለህም አለ?»

«ታዲያ...»

«ከአፍ የወጣ ምርቃት እንደ ዕቃ ተመላሽ ነው እንዴ?»

ደበሌ ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ያዘ። ሱሪው ጭቃ ነካ። «እሺ ቤቱ ይቅር። እንሰቱም ይቅር። ነገ ስመለስ ለመንገዱ እንኳ መርቀኝ።»

አቶ ኬርጋ ከራሱ በላይ አሻግረው በሩቁ ያለውን ጥርጊያ መንገድ አዩ።

«ለመንገዱ ከሆነ» አሉ፣ «በአውቶቡስ ተመለስ።»