ወፍጮው ሲቆም

ትዕግሥት ሲታደል እኔ አልነበርኩም። የኤም አር አይ ባለሙያ ሆኜ ከደብረ ብርሃን አሰላ ከተመደብኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ማሽኑን እንጂ የሐኪሞቹን ወሬ አልችለውም። በዕድሜ ታናሼ የሚሆነው ዶክተር አብዲሳ፣ ያልተወለደ ሕፃን አእምሮ ለድምፅ ምላሽ ይሰጥ እንደሆነ ላጥና ብሎ ሲመጣ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ነፍሰ ጡሯ ሀጂራ ከኢተያ የመጣችው በስምንተኛ ወሯ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጇ ሙቢና ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። አብዲሳ ይህ ጥናት እንጂ ምርመራ አይደለም፣ ቁርጡ የሚታወቀው ሲወለድ ነው ብሎ ደጋግሞ ነገራት። እሷ ግን የመጣችው አንድ ነገር ለማወቅ ነበር፤ ይኼኛውስ ይሰማል ወይ?

ሆዷ ላይ ማዳመጫ አሰርንላት። ጉም የሚል ወፍራም ድምፅ ሃያ ሰከንድ እንለቃለን፣ ሃያ ሰከንድ እናቆማለን። ምስሉ ሲወጣ፣ ድምፁ በተለቀቀበት ጊዜ ሁሉ የልጁ አእምሮ የመስሚያ ቦታ ጭጭ ብሏል። ሀጂራ ተነስታ ፊቴን አየች፤ የእኔ ፊት ደግሞ ምስጢር አይችልም።

"አይሰማም አይደል፣ ሲስተር?" አለችኝ።

ወሬ ለመቀየር ያህል፣ ድምፁ ረብሿት እንደሆነ ጠየቅኳት። ለምን ይረብሸኛል አለች። ባሏ ሚፍታ ወፍጮ ቤት አለው፤ መኝታቸውን ከወፍጮው የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እንዲያውም ሚፍታ ቀን ጋደም ሲል ወፍጮው እየጮኸ ይተኛል፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ወፍጮው ቀጥ ሲል ነው ደንግጦ የሚነሳው።

የአብዲሳን እጅ ያዝኩት። "እስኪ ድምፁ የቆመበትን እየው" አልኩት።

እያጉረመረመ ስሌቱን እንደገና ሠራው። ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር የመስሚያው ቦታ ቦግ ይላል፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ስድስት ጊዜ። የወፍጮ ቤት ልጅ ጉምጉምታውን ለምዶታል፣ የገረመው ዝምታው ነው። መቆሙን ያወቀ ደግሞ ሰምቷል ማለት ነው።

አብዲሳ አሁንም ቁርጥ እንዳልሆነ፣ ሲወለድ ጆሮው መመርመር እንዳለበት ነገራት። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ሀጂራ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ የምትጠብቃትን ሙቢናን ጠርታ እጇን ሆዷ ላይ አስቀመጠችላት፤ ከዚያ ጆሮዋን በጣቷ ጠቁማ ፈገግ አለች። ልጅቱ ትንሽ አሰበችና በሁለት እጆቿ ፈጠን ፈጠን እያለች አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች ጠየቅኩ።

"የእጅ ቋንቋውን እኔ አስተምረዋለሁ ነው የምትለው" አለችኝ ሀጂራ።