የሆሊንስ ጣቢያ የመጨረሻው ዋንጫ

ባሌ ክሊፎርድ በሕይወቱ የቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሲረል። ሲረል በሀብትም በመልክም አይበልጠውም። እሱ የዋርዝሊ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፣ ባሌ ደግሞ የቀጣዩ ጣቢያ የሆሊንስ። ግን በያመቱ የአበባ ቦታው ላማረ ጣቢያ የሚሰጠውን ዋንጫ የሚወስደው ሲረል ነበር፤ የኔው ሁሌ ሁለተኛ። ለኔ አንዲት ዘለላ አበባ አምጥቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ለጣቢያው አበባ ማዳበሪያ የፈረስ ፋንድያ ተሸክሞ ሲሄድ አያለሁ። ምን ይደበቃል፣ እኔም በጣቢያው እቀና ነበር።

ከዚያ መስመሩ ወደ ቀላል ባቡር ሊቀየር ነው ተባለ። ሆሊንስ ይቀራል፤ ትኬቱን ግን ማሽን ስለሚሸጥ ሠራተኛ አይኖረውም። ዋርዝሊ አዲሱ ሐዲድ ስለማያልፍበት አስቀድሞ ይፈርሳል። ለባሌ የቀረው የመጪው በጋ ውድድር ብቻ ነበር፤ ያውም ያለ ሲረል።

«ሜቪስ፣ አምላክ አለ!» አለኝ እየፈነደቀ።

«የሰው ጣቢያ ሲፈርስ ነው አምላክ ትዝ የሚልህ?»

ሳምንት ሳይሞላ ሲረል ጽጌረዳዎቹን ከነሥራቸው ነቅሎ በጋሪ እየገፋ ሆሊንስ ድረስ መጣ።

«ግሬደር ከሚደፈጥጣቸው አንተ ጋ ይኑሩ፣ ጎረቤት። ካንተ ወዲያ ማን ያውቅላቸዋል?»

ተሳፋሪው ሁሉ እያየ እንቢ እንዴት ይባላል? ክሊፎርድ ጥርሱን ነክሶ ተቀበለ። ክረምቱን ሙሉ እየተራገመ ተንከባከባቸው፤ ተክል ሲደርቅ ማየት አይሆንለትም።

በጋ ላይ ዳኞቹ መጡ። የክሊፎርድን የራሱን አበቦች በዓይናቸው ገረፍ አድርገው አለፉና ጽጌረዳዎቹ ጋ ተገትረው ቀሩ። ዋንጫው የሆሊንስ ሆነ። የሚሰጥበት ቀን የሁለቱም ሰፈር ሰው መጣ፣ ሲረልም ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ።

«እነዚህን ጽጌረዳዎች ያሳደገው ማነው?» አለች ዋናዋ ዳኛ።

ባሌ እስከ ጆሮው ቀላ። «እኔ ነኝ» አለ።

አበቦቹ የማን እንደሆኑ የማያውቅ ሰው አልነበረም! የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሲረል ዞረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እሱ ነው እንጂ!» አለ ሲረል። «እኔ ጋ እንዲህ አብበው አያውቁም።» ከማንም ቀድሞም ማጨብጨብ ጀመረ።

ቤት ስንገባ ክሊፎርድ ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ዋንጫህን አገኘህ፤ ደሞ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ሲረልን አልሰማሽውም?» አለኝ። «በዚህም በለጠኝ እኮ!»